ጥጡን ማን ይመዝን? «ለገበያው ተዉት» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

በክልላችን የጥጥ አመራረት መስፈርት ላይ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። የጸሐፊው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መንግሥት ለጥጥ መስፈርት ማውጣቱን፣ መቆጣጠሩንና ለዚህ ሥራ በጀት መመደቡን ይተው። ጥራትን ገዢው ራሱ ያውቃል፤ ቁጥጥር የሚወልደው ጉቦን ነው። መስፈርት የግድ ካስፈለገም ወጪውን ገበሬው ይሸፍን፣ በአሜሪካም የሚደረገው ይኸው ነው። ደግሞም መጀመሪያ ምርቱ ይብዛ፤ ስለ ጥራት ኋላ እንነጋገራለን። ለአንድ ክልል ብቻ መስፈርት ማውጣት ገበያ መከፋፈል ነው፤ ከውጭ የሚሰጡት የምስክር ወረቀቶችም ይበቁናል። መንግሥት ጥጥ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ምን እንደሚሆን በ2003 ዓ.ም. አይተናል።

እኔ በክር ፋብሪካ የጥራት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከመተማ፣ ከቋራና ከታች አርማጭሆ የሚመጣውን ጥጥ በእጄ ስዳስስ ኖሬያለሁ፤ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፈ አልጠራጠርም። ልክ የሆነበትም ነጥብ ስላለ ከዚያው ልጀምር።

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። ዓላማው የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ እንዳያጡ ነበር። በዚያው ዓመት ግን የዓለም ገበያ ለአሥርት ዓመታት ወዳልታየ ዋጋ ወጥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ወራት አንድ ፓውንድ ጥጥ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ ከ2 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። አምራቻችን በሩ ተዘግቶበት ያንን ዋጋ በሩቁ አየው። እገዳው በኋላ ተነሥቷል፤ ቅሬታው ግን አልተነሣም። በመተማ መስመር «ከዚያ ወዲህ ጥጥ ዘርቼ አላውቅም» ያሉኝ ገበሬዎች አሉ። ይህን ስህተት ለመከላከል ብዕር አላነሣም።

ነገር ግን ማገድ ሌላ ነው፣ መመዘን ሌላ። ለእገዳ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ ነው። ለመመዘን ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠነ ሰው፣ ናሙናና መዝገብ ያስፈልጋሉ። በ2003 መንግሥት ቀላሉን ሠራ፤ ከባዱን አልሠራም። ጸሐፊው የቀላሉን ጥፋት ቆጥሮ ከባዱም ይቅር ይለናል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቡ ልምጣ፤ «ጥራትን ገዢው ያውቃል» ወደሚለው።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ጥጥ ስትገዛ ጥቂት ቆንጥራ በሁለት እጆቿ ጣቶች መካከል ቀስ አድርጋ ትስበው ነበር። ቃጫው አጭር ሆኖ ቶሎ ከተበተነ ሻጯን አመስግና ትመልሳለች። ረጅምና ጠንካራ ከሆነ ሳትከራከር ትገዛለች። ቤት ገብታ ራሷ ትዳምጠዋለች፣ ራሷ ታባዝተዋለች፣ በእንዝርቷም ራሷ ትፈትለዋለች። ለጋቢ የሚሆነውንና ለነጠላ የሚሆነውን ገና ከገበያው ለይታ ነው የምትመጣው። በጸሐፊው አእምሮ ያለው ገዢ እናቴን የመሰለ ገዢ ነው፤ እንዲህ ላለው ገዢ በእርግጥ ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም።

ከመተማ የሚወጣው ጥጥ ግን ወደ እንዝርት አይሄድም። ከገበሬው ሰብሳቢው ይረከበዋል፣ ከሰብሳቢው ነጋዴው፣ ከነጋዴው ቃጫውን ከፍሬው የሚለየው መዳመጫ፣ ከመዳመጫው ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። የብዙ ገበሬ ጥጥ በአንድ መኪና ላይ ይደባለቃል። ጤዛው ሳይደርቅ የተለቀመው ከደረቀው ጋር፣ ዝናብ ነክቶት የቢጫነት መልክ ያወጣው ከነጩ ጋር፣ ቅጠልና ገለባ የበዛበት ከንጹሑ ጋር ይጫናል። የመጨረሻው ገዢ ጥጡ መጥፎ መሆኑን ያውቃል፤ ማን እንዳበላሸው ግን አያውቅም። ስለዚህ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሁሉም እኩል ዝቅ አድርጎ ይከፍላል። በንጽሕና የለቀመው ሰው የሌላውን ቅጣት ይካፈላል።

በሥራ ዘመኔ ከማይረሱኝ ቀናት አንዱን ልንገራችሁ። ጠቆር ባለ ሰማያዊ እንዲቀለም የታዘዘ ጨርቅ ከማቅለሚያው ሲወጣ የፎገራ ሩዝ የተበተነበት መሰለ። በየስፍራው ነጫጭ ነጥብ ነበረበት። ቀለሙን ጠረጠርን፣ ውኃውን ጠረጠርን፣ ማሽኑን ፈታን። ምክንያቱ የተገኘው ነጫጩን ነጥብ በመርፌ እየለቀምን ስንፈትሽ ነው፤ ማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ የምለው ሁላችንም በዚህ ስም የምንጠራውን የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ጥጥ ለቃሚው በእሱ ይለቅማል፣ አፉን በናይሎን ሲባጎ ያስራል። ከረጢቱ ሲያረጅ ክሩ ይረግፋል። ቁራጩ መዳመጫ ውስጥ ሲገባ ብዙ ቀጫጭን ጭረት ሆኖ ይበታተንና ከጥጡ ጋር ይፈተላል፣ ይሸመናል። የጥጥ ቀለም ስለማይዘው እስከ መጨረሻው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ያ ጨርቅ ተመለሰ።

በዓመቱ በለቀማ ወቅት ወደ መተማ ስወርድ ይህን ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ በአቡጀዴ ከረጢት ለቅሜ፣ ጎረቤቴ በማዳበሪያ ለቅሞ፣ ሁለታችን አንድ ዋጋ ከተከፈለን፣ አቡጀዴውን የምገዛው ለጽድቅ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ጸሐፊው መልስ ካለው ልስማው። ገዢው ጥራትን የሚያውቅ ከሆነ፣ ለእኒህ ሰው ልዩነቱን ለምን አልከፈላቸውም?

ገበያው ብቻውን ሲተው ምን እንደሚሆን ከጎረቤትም የታየ ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 የጥጥ ገበያዋን ለግል ገዢዎች ከፈተች። ገዢዎቹ ብዙ ሆኑ፤ ሁሉም ቀድሞ ለመግዛት ስለተሽቀዳደመ በመግዣ ጣቢያው ላይ ጥጥ በደረጃ መለየቱ ላላ። «አይሆንም፣ ይህ ሁለተኛ ደረጃ ነው» የሚል ገዢ ገበሬውን ለተፎካካሪው ይሰጣልና። የአገሪቱ ጥጥ በዓለም ገበያ የነበረው ስም በዚህ ተጎዳ። ፉክክር ለገበሬው ጥሩ ነው፣ እኔም እፈልገዋለሁ፤ ደረጃውን የሚለየው ግን ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ጉቦ ነው። አለ፤ አልክደውም። ተቆጣጣሪው ጥጡን አይቶ፣ ባለቤቱን አይቶ፣ ደረጃውን እዚያው በብዕር የሚጽፍ ከሆነ ጉቦው ከጥጡ ጋር አብሮ ይመዘናል። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ናሙናው ስም ሳይሆን ቁጥር ይያዝ። ለሦስት ይከፈል፤ አንዱ ይመርመር፣ አንዱ ለሻጩ ይሰጥ፣ አንዱ ታሽጎ ይቀመጥ። ክርክር ከተነሣ የታሸገው ሌላ ቤት ይመርመር። ባሕር ዳር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ለሁለተኛ ምርመራ ከዚህ የቀረበ ቤት ከየት ይመጣል?

ከጉቦው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤት አልባነቱ ነው። ጥጥ እርሻው ላይ ሳለ የግብርና ልጅ ነው፣ መዳመጫ ሲገባ የኢንዱስትሪ ልጅ ይሆናል፣ ሲሸጥ ደግሞ የንግድ። ዘሩ በ1950ዎቹ ከተመሠረተው ከወረር የምርምር ማዕከል ይወጣል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ጥጥን ከጨርቁ ጋር ይዞ ነበር፤ እሱም በ2014 ዓ.ም. ወደ አምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ተጠቃለለ። መሥሪያ ቤት በተጠቃለለ ቁጥር ጥጡን የሚያውቁት ሰዎች ይበተናሉ፣ መዝገቡም ከእነሱ ጋር። ጸሐፊው «ቁጥጥሩ በዛ» ሲል ግራ የገባኝ ለዚህ ነው። እኔ ያየሁት ደብዳቤው ሲበዛ ነው፤ ጥጡን ከረጢቱ ድረስ ተከትሎ የሚያይ ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነግሮናል።

በአሜሪካ ገበሬው ለጥጥ ደረጃ ምደባ ይከፍላል፤ እውነት ነው። ግን ከመቼ ጀምሮ? የአሜሪካ መንግሥት የጥጥ ደረጃዎችን በሕግ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በ1937 በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ ጥጣቸውን ለማሻሻል በቡድን ለተደራጁ ገበሬዎች ምደባው በነጻ እንዲሰጥ ሆነ። ገበሬው እንዲከፍል የተደረገው በ1981 ነው። በመካከሉ 44 ዓመት አለ። ያ ሁሉ ዓመት ወጪው የመንግሥት ነበር። ገበሬው መክፈል የጀመረው ደረጃው ዋጋ እንደሚያመጣለት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ካየ በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ገንዘቡን ገበሬው ይክፈል እንጂ ናሙናውን የሚመረምረው ዛሬም የግብርና መሥሪያ ቤታቸው ነው፤ ገዢው አይደለም። «እንደ አሜሪካ እናድርግ» ካልን ከ1937 እንጀምር እንጂ ከ1981 አንጀምር።

እኛ ዘንድ የሕዝብ ገንዘብ ለጥጥ አልወጣም ማለትም አይቻልም። ባሕር ዳር ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. የተተከለው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ሲጀምር ለዚሁ ፋብሪካ ብርሃንና ጉልበት ሆነ። በ1955 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክም ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። ማሽኑን፣ መብራቱንና ባለሙያውን በሕዝብ ሀብት አሟላን። ማሽኑ የሚበላው ጥጥ ግን በማን መስፈርት ተለቅሞ እንደሚመጣ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ገንዘቡ ሁሉ በፋብሪካው በር ላይ ቆሟል፤ ወደ ማሳው አልተሻገረም።

ለማሳው የሚያስፈልገው ደግሞ ፋብሪካ የሚተክል ገንዘብ አይደለም። በየመዳመጫው የርጥበት መለኪያ፣ በክልሉ ውስጥ አንድ የቃጫ ርዝመትን፣ ጥንካሬንና ማይክሮኔር የሚባለውን የቃጫ ቅጥነት የሚለካ ቤተ ሙከራ፣ የሠለጠኑ ናሙና ወሳጆች፣ የጥጥ ከረጢት። ይህን ክልሉ ለተወሰኑ ዓመታት ይሸፍን፤ የደረጃው የዋጋ ልዩነት በገበሬው ኪስ ሲገባ በኩንታል ትንሽ ክፍያ ይጀመር። በየዓመቱም ስንት ናሙና እንደተመረመረና ለእያንዳንዱ ደረጃ ምን ዋጋ እንደተከፈለ በአደባባይ ይለጠፍ። ጸሐፊው «ገንዘቡ የት እንደሚገባ አይታወቅም» ላለው ይህ ይመልስለታል ብዬ አምናለሁ፤ ስጋቱ ትክክል ነውና።

«መጀመሪያ ምርቱ ይብዛ» ወደሚለው ስመጣ የሚታወሰኝ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ነው። የቡርኪና ፋሶን ታሪክ ጸሐፊው ቢያየው ኖሮ ይህን ባልጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጓይ ትል የሚባለውን የጥጥ ተባይ የሚከላከል፣ በዘረ መል የተለወጠ ጥጥ በስፋት መዝራት ጀመሩ። የመድኃኒት ርጭቱ ቀነሰ፣ ምርቱም ጨመረ፤ ብዙዎች አመሰገኑ። ነገር ግን ቃጫው አጠረ። የቡርኪና ጥጥ የሚታወቀው በቃጫው ርዝመት ነበርና ገዢዎች ዋጋ ቀነሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአገሪቱ የጥጥ ኩባንያዎች ያንን ዘር ትተው ወደ ቀድሞው ተመለሱ። ጉዳቱን ያወቁት ቃጫውን የሚለካ ስለነበራቸው ነው። እኛም በ2010 ዓ.ም. ጓይ ትልን የሚቋቋም ድቅል ዘር እንዲዘራ ፈቅደናል። ዘሩን አልቃወምም፤ ጓይ ትል የበላውን ማሳ ያየ ሰው በቀላሉ አይቃወምም። የምጠይቀው የመተማው ምርት የቃጫው ርዝመት በየዓመቱ ተለክቶ የሚመዘገበው የት ነው የሚለውን ነው።

ደግሞም ብዛትና ጥራት እንደ ታላቅና ታናሽ ተራ የሚጠብቁ አይደሉም። ብዙው ገበሬ የሚዘራው ከመዳመጫ የሚመለስለትን ፍሬ ነው። መዳመጫው ዴልታፓይን 90ን ከሌላ ዝርያ ጋር ቀላቅሎ ከዳመጠ፣ የሚመለሰው ፍሬም ቅልቅል ነው። በሚቀጥለው ክረምት እኩል አይበቅልም፣ እኩል አይከፈትም፤ ለለቀማ አንድ ጊዜ የሚበቃው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። መስፈርት ማለት ይህን መከላከልም ነው። ዝርያ ለይቶ የመዳመጥ ደንብ የምርት ደንብ ነው።

«ለአንድ ክልል የተለየ መስፈርት ገበያ ይከፋፍላል» ለሚለው መልሱ እዚያው መተማ ተቆልሎ ይገኛል። ሰሊጥ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሰሊጥ ወደ መጋዘን ሲገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ ከወለጋው ተለይቶ በራሱ ስም ይሸጣል። አገር ተከፋፈለ ያለ የለም፤ ገዢው የሚፈልገውን አወቀ፣ ገበሬው የአገሩ ስም ዋጋ ሆነለት። ያው ገበሬ በአንድ እጁ ሰሊጥ፣ በሌላው ጥጥ ይዞ ይቆማል። ሰሊጡ ደረጃ አለው፣ ጥጡ «ጥጥ» ብቻ ነው። የትኛውን እንዲዘራ እንጠብቃለን?

ጥጥ ደግሞ ከሰሊጥ ይልቅ በቦታ ይለያያል። የአዋሹ በመስኖ ይበቅላል፤ የመተማው ሰማይ አይቶ። ግብፅ የትኛው ዝርያ በየትኛው ግዛት እንደሚዘራ መንግሥቷ ይወስናል፤ የጥጧ ስም የቆየው ዝርያው እንዳይደባለቅ በመጠበቁ ጭምር ነው። ከመተማ ማዶ ያለችው ሱዳን ደግሞ ጥጧ በመጣበቅ ተቸግራ ኖራለች። ነጭ ዝንብና ክሽክሽ በተከፈተው ጥጥ ላይ የሚጥሉት ማር መሰል ፈሳሽ ቃጫውን ያጣብቀዋል፣ የመፍተያውን ማሽን ያስቆማል። ይህ ችግር በዓይን አይታይም፤ ካልተለካ አይታወቅም። ለአገር አንድ የጋራ ደረጃ ይኑር፤ የእኛ ማሳ የትኛውን ችግር ይበልጥ መፈተሽ እንዳለበት ግን አዲስ አበባ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት እዚህ ባሕር ዳር ነው ያለው፤ የጎንደሩ ማዕከሉም ለቆላው ቅርብ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የውጭ የምስክር ወረቀት ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ አነስተኛ ገበሬዎች ያለ ኬሚካል ጥጥ አምርተው ለምስክር ወረቀት መብቃታቸውን በአክብሮት አያለሁ፤ የሠሩት ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ምስክር ወረቀት የሚናገረው ጥጡ እንዴት እንደበቀለ ነው። ቃጫው ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ከረጢቱ ማዳበሪያ ይሁን አቡጀዴ ለክር ፋብሪካው የሚነግር ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ከውጭ የሚመጣ መርማሪ ይከፈለዋል፤ ለሁለተኛው ጸሐፊው «መንግሥት እጁን ያውጣ» ካለ የሚቀር ሰው አላየሁም።

ክልሉ በዚህ ዓመት ሁሉንም ይጀምር አልልም። ለቀማው ኅዳር ላይ ይገባል፤ ሳሉግ የሚባሉት ወቅታዊ ሠራተኞችም ወደ ቆላው ይወርዳሉ። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ መዳመጫ ይጀመር። ከለቀማው በፊት ከአቡጀዴ የተሰፋ ከረጢት ለለቃሚዎቹ ይታደል፤ አቡጀዴው ከዚሁ ከክልላችን ፋብሪካ ሊሸመን ይችላል። መዳመጫው በአቡጀዴ የመጣውን ለብቻው ይቀበል፣ ለብቻው ይዳምጥ፣ በኩንታል ምን ያህል ጨምሮ እንደሚከፍልም አስቀድሞ በሩ ላይ ይለጥፍ። እኒያ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ፣ ያንን ዋጋ ሄጄ የማነብላቸው እኔ ነኝ።